የማይክሮዌቭ ባንዶች፦ ዝናቡ፣ ርቀቱና የ6 ጊጋኸርዝ ሙግት

ሐምሌ ላይ ሰማዩ ጠቁሮ ዶፍ ሲጥል ቤት ውስጥ መጀመሪያ የሚሰናከለው ቴሌቪዥኑ ነው። ምስሉ በትናንሽ ካሬ ይቆራረሳል፣ ድምፁ ይንተባተባል፣ ጥቂት ቆይቶ “ሲግናል የለም” የሚል ጽሑፍ ይመጣል። በዚያው ዶፍ ውስጥ መንገድ ላይ ያለ የታክሲ ሾፌር ስልክ ግን መኪናው የትኛው ቅያስ ላይ እንዳለ ያለ እንከን ያሳያል። ሁለቱም ምልክታቸውን የሚቀበሉት ከሳተላይት ነው። የጂፒኤስ ሳተላይቶች 20,000 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቀው ይዞራሉ፤ የቴሌቪዥኑ 36,000 ኪሎ ሜትር ላይ ቆሟል። ልዩነቱ የመጣው ግን ከርቀቱ አይደለም። ጂፒኤስ በ1.575 ጊጋኸርዝ (ጊጋኸርዝ ማለት ሞገዱ በሴኮንድ አንድ ቢሊዮን ጊዜ መወዛወዙ ነው) ይሠራል፣ ቴሌቪዥኑ በ11 እና በ12 ጊጋኸርዝ አካባቢ። የዝናብ ጠብታ ለመጀመሪያው ከቁጥር የሚገባ አይደለም፤ ለሁለተኛው ግን መጋረጃ ነው።

ሱቅ ውስጥም ስብሰባ ላይም “ቁጥሩ ከፍ ያለ ይሻላል” የሚል እምነት ተዘርቷል። ባለ 5 ጊጋኸርዝ ዋይፋይ ከባለ 2.4 ይበልጣል፣ ባለ 80 ጊጋኸርዝ ሬዲዮ ከባለ 7 ይዘምናል ይባላል። እውነቱ ልውውጥ ነው። ቁጥሩ ከፍ ባለ መጠን ሰፊ የሞገድ ቦታ ይገኛል፣ ብዙ መረጃ ይጫናል፣ አንቴናውም ያንሳል። በምላሹ ዝናብ፣ ቅጠልና ግድግዳ ይበረታሉ፣ የሚደረስበት ርቀትም ያጥራል። ዛሬ መንግሥታትና ኩባንያዎች በ3.5 እና በ6 ጊጋኸርዝ ዙሪያ የሚሻኮቱት ልውውጡ ለሁለቱም ወገን የሚስማማው እዚያ መሃል ላይ ስለሆነ ነው።

ከሂሳቡ እንጀምር። 300ን ለጊጋኸርዝ ቁጥሩ ቢያካፍሉ የሞገዱ ርዝመት በሚሊ ሜትር ይወጣል። 2.4 ጊጋኸርዝ 125 ሚሊ ሜትር፣ 12 ጊጋኸርዝ 25 ሚሊ ሜትር፣ 80 ጊጋኸርዝ ከ4 ሚሊ ሜትር በታች ነው። ትልቅ የዝናብ ጠብታ ጥቂት ሚሊ ሜትር ስፋት አለው። የሞገዱ ርዝመት ወደ ጠብታው መጠን በቀረበ ቁጥር ጠብታው ጉልበቱን ይውጣል፣ ይበትናልም። የቀረው ሁሉ ከዚህ ይከተላል።

የባንዶቹ፣ ማለትም የሞገድ ክልሎቹ፣ መጠሪያ ፊደላት ግን ለማንም ግልጽ ሆነው አልተሰየሙም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ የራዳር ምስጢር ነበሩ። ኤል ከ1 እስከ 2 ጊጋኸርዝ፣ ኤስ ከ2 እስከ 4፣ ሲ ከ4 እስከ 8፣ ኤክስ ከ8 እስከ 12፣ ኬዩ ከ12 እስከ 18፣ ኬ ከ18 እስከ 27፣ ኬኤ ከ27 እስከ 40 ናቸው። ኬ “አጭር” ከሚለው የጀርመን ቃል የመጣ ነው። ኬዩ ከእሱ በታች፣ ኬኤ ከእሱ በላይ ማለት ነው። መሃሉ የተዘለለው ያለ ምክንያት አይደለም፤ 22.2 ጊጋኸርዝ አካባቢ በአየር ውስጥ ያለው የውኃ እንፋሎት ሞገዱን ስለሚመጠው የጦርነቱ ጊዜ ራዳሮች እዚያ ላይ ተቸግረው ነበር። ዛሬም አጠራሩ አይጠራም። የአሜሪካ ስልክ ኩባንያዎች “ሲ ባንድ” እያሉ በብዙ ቢሊዮን ዶላር የገዙት ከ3.7 እስከ 3.98 ጊጋኸርዝ ያለው ቦታ በፊደላቱ ሠንጠረዥ መሠረት ኤስ ውስጥ ነው። የሳተላይት ሰዎች ከ3.4 ጀምሮ ሲ ማለት ስለለመዱ ስሙ እንደዚያው ቀረ። ስለዚህ ዕቃ ሲገዛ ፊደሉ ሳይሆን ቁጥሩ ይነበብ።

ጣሪያ ላይ ያለው ዲሽ

የኢትዮጵያ ቴሌቪዥን ጣቢያዎች መድረክ የሆነው ኢትዮሳት በ2013 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ጣቢያዎቹ ከናይልሳት ሳተላይት ኢትዮሳት ወደሚሰራጭበት ኤንኤስኤስ 12 ሳተላይት ተሻገሩ። ናይልሳት በምዕራብ 7 ዲግሪ፣ ኤንኤስኤስ 12 በምሥራቅ 57 ዲግሪ ላይ ይቆማሉ። ከአዲስ አበባ ሲታይ የመጀመሪያው ከሰሜን በቀኝ ዞሮ 261 ዲግሪ ላይ፣ ከአድማስ 37 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። ሁለተኛው 115 ዲግሪ ላይ፣ 66 ዲግሪ ከፍታ ላይ ነው። አንዱ ወደ ምዕራብ ዝቅ ብሎ፣ ሌላው ወደ ደቡብ ምሥራቅ ከራስ በላይ ማለት ነው። በመካከላቸው ያለው ስፋት በአንድ ዲሽ ላይ ሁለት ኤልኤንቢ (ከዲሹ ፊት ለፊት የሚታሰረው ተቀባይ) አስሮ ሁለቱንም ለማየት አያስችልም፤ ሁለት ዲሽ ወይም ሞተር ያስፈልጋል።

ሲዛወር በብዛት የሚረሳው የኤልኤንቢው መታጠፍ ነው። ሳተላይት ሞገዱን ቁም ወይም አግድም እያወዛወዘ ይልካል፤ ኤልኤንቢውም ከዚያ ጋር መግጠም አለበት። አዲስ አበባ ለምድር ወገብ ስለምትቀርብ ሳተላይቱ “አግድም” ብሎ የሚልከው ሞገድ እኛ ዘንድ ሲደርስ አግድም ሆኖ አይገኝም። ለ57 ዲግሪው 63 ዲግሪ ያህል ወደ አንድ ጎን፣ ለናይልሳቱ ደግሞ 77 ዲግሪ ያህል ወደ ተቃራኒው ጎን ተጋድሞ ይመጣል። ዲሹን አዙሮ ኤልኤንቢውን እንደነበረ የተወ ሰው ከትክክለኛው ቦታ 40 ዲግሪ ስቷል። ከምልክቱ ከ2 ዴሲቤል በላይ ያጣል (ዴሲቤል የጉልበት ልዩነት መለኪያ ነው፤ 3 ዴሲቤል ማጣት ጉልበቱን በግማሽ ይቀንሳል)፤ ከዚያም የባሰው፣ ቁሙና አግድሙ ይደባለቁበታል። ሪሲቨሩ ላይ “ጥንካሬ” ከፍ ብሎ “ጥራት” ዝቅ ካለ ወይም ከነጭራሹ ዜሮ ከሆነ መጀመሪያ የሚጠረጠረው ይኸው ነው። ዲሹ ተይዞ ኤልኤንቢው ብቻ በማቀፊያው ውስጥ ቀስ ተደርጎ ይዞር፤ የሚታየው ቁጥር የጥራቱ ይሁን እንጂ የጥንካሬው አይደለም።

አቅጣጫው ራሱም ይቅር አይልም። 90 ሴንቲ ሜትር ዲሽ በ12 ጊጋኸርዝ የሚያየው ስፋት 2 ዲግሪ ገደማ ነው። ዲሹ መሃሉን ይዞ ሲዞር ጠርዙ 8 ሚሊ ሜትር ከተንቀሳቀሰ 1 ዲግሪ ሄዷል፣ ግማሽ ጉልበቱም አብሮ ሄዷል። የአብዛኛው ቤት ዲሽ ኤልኤንቢው ከመሃል ወደ ታች ያዘነበለ ዓይነት ስለሆነ ፊቱ ከሚያየው አቅጣጫ ከ20 ዲግሪ በላይ ዝቅ ብሎ ይታያል። በዓይን ገምቶ “ወደ ሰማይ አላየም” ብሎ ወደ ኋላ መግፋት የተለመደ ስህተት ነው።

ኤልኤንቢው የሚሠራው ቀላል የመቀነስ ስሌት ነው። 11,105 ሜጋኸርዝን በኬብል ማውረድ አይቻልም፤ መንገድ ላይ ያልቃል። ስለዚህ ኤልኤንቢው ውስጥ ካለው 9,750 ጋር አደባልቆ ልዩነቱን፣ ማለትም 1,355 ሜጋኸርዝን፣ ወደ ታች ይልካል። ከ11.7 ጊጋኸርዝ በላይ ላለው ደግሞ 10,600ን ይጠቀማል፤ ይህን መቀያየር የሚያዝዘው ሪሲቨሩ በኬብሉ የሚልከው የ22 ኪሎኸርዝ ድምፅ ነው። 13 ቮልት ቁሙን፣ 18 ቮልት አግድሙን ይመርጣል። ኬብሉ ረጅምና ቀጭን ከሆነ 18ቱ ቮልት እላይ ሲደርስ ይወርዳል፤ ኤልኤንቢው ቁም የታዘዘ ይመስለውና አግድም ቻናሎቹ ብቻ ይጠፋሉ። ብዙ ኤልኤንቢ “ተቃጠለ” ተብሎ የተጣለው በዚህ ነው።

ወደ ዝናቡ እንመለስ። በሰዓት 50 ሚሊ ሜትር የሚጥል ዝናብ፣ ማለትም የክረምት ዶፍ፣ በ12 ጊጋኸርዝ በየኪሎ ሜትሩ 2.4 ዴሲቤል ገደማ ይወስዳል። ዝናቡ የሚጀምረው ከባሕር ጠለል 5 ኪሎ ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ነው፤ አዲስ አበባ ራሷ 2,350 ሜትር ላይ ስለሆነች ከላያችን የሚቀረው 2.6 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ወደ ናይልሳት በጋደለው መንገድ ሞገዱ ዝናብ ውስጥ 4.4 ኪሎ ሜትር ይጓዛል፤ ወደ ኢትዮሳት ባለው ቀጥ ያለ መንገድ 2.9። ዶፉ መንገዱን ሁሉ ከሞላው 10.5 ዴሲቤል በ7 ተተካ ማለት ነው። ክረምትን በተመለከተ ለውጡ ጠቅሞናል። ይሁን እንጂ ዝናብ ምልክቱን በመቀነስ አያበቃም፤ ከቀዝቃዛው ሰማይ ይልቅ ሞቃት ስለሆነ እሱ ራሱ በኤልኤንቢው ውስጥ ሁካታ ይጨምራል። ከ60 ሴንቲ ሜትር ወደ 90 ማሳደግ 3.5 ዴሲቤል ያስገኛል። መካከለኛ ዝናብን ለማሳለፍ በቂ ነው፤ ዶፍን ግን የሚችለው የለም።

ዝናቡ አቁሞ ቴሌቪዥኑ በደቂቃዎች ውስጥ ካልተመለሰ ጥፋቱ የሰማይ አይደለም። ውኃ የገባው የኬብሉ ማገናኛ ውስጥ ነው፣ ፀሐይ እስኪያደርቀው ይቆያል። ኬብሉ ከኤልኤንቢው በታች ትንሽ ቀለበት ሠርቶ እንዲንጠለጠል ማድረግና ማገናኛውን በጎማ ማልበስ ይበቃል።

በጠራ ሰማይ የሚመጣም መቋረጥ አለ። ፀሐይ ልክ ከሳተላይቱ ጀርባ ስታልፍ ዲሹ ከሳተላይቱ ይልቅ እሷን ይሰማል። ይህ በአዲስ አበባ በመስቀል ሰሞንና በመጋቢት የመጀመሪያው ሳምንት አካባቢ ለጥቂት ቀናት፣ በየቀኑ ለጥቂት ደቂቃ ይሆናል። ለኢትዮሳት ሰዓቱ ከረፋዱ 5 ሰዓት ገደማ ነው፣ ለናይልሳት ደግሞ ከቀኑ 10 ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው። የዲሽ ሠራተኛ መጥራት አያስፈልግም።

ከማማ ወደ ማማ

ስልክ ከማማው ጋር በሬዲዮ እንደሚገናኝ ሁሉም ያውቃል። ማማው ግን ከቀሪው ዓለም ጋር በምን ይገናኛል? ፋይበር ባልደረሰበት ቦታ መልሱ ማማው ላይ የሚታየው ክብ ከበሮ መሳይ አንቴና ነው፤ ማይክሮዌቭ። የባንድ ምርጫ በእውነት የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው።

በዚያው በ50 ሚሊ ሜትር ዝናብ በየኪሎ ሜትሩ የሚጠፋው 7 ጊጋኸርዝ ላይ 0.6 ዴሲቤል፣ 15 ላይ 3.6፣ 23 ላይ 7፣ 80 ላይ 19 ነው። ስለዚህ 7 እና 8 ጊጋኸርዝ ለ40 እና 50 ኪሎ ሜትር፣ 15 ለ20 ገደማ፣ 23 ለ10 እና ከዚያ በታች፣ 80 ደግሞ ከተማ ውስጥ ለጥቂት ኪሎ ሜትር ይመደባሉ። በሌላ በኩል 7 ጊጋኸርዝ ላይ የተለመደው የቻናል ስፋት 28 ሜጋኸርዝ ሲሆን 80 ላይ 250፣ 500፣ ከዚያም በላይ ይገኛል። በሴኮንድ ብዙ ጊጋ ቢት የሚያልፈው በዚህ ነው። ልውውጡ ማለት ይኸው ነው።

ለ40 ኪሎ ሜትር መስመር ሁለቱ ማማዎች መተያየታቸው ብቻ አይበቃም። ሞገዱ በመሃል መንገድ ላይ ያብጣል፤ በ7 ጊጋኸርዝ የእብጠቱ ግማሽ ስፋት 20.7 ሜትር ይደርሳል፣ ከዚህ ቢያንስ 60 በመቶው፣ ማለትም 12 ሜትር ከግማሽ፣ ነፃ መሆን አለበት። የምድር ክብነት ደግሞ መሃሉን በ23.5 ሜትር ከፍ ያደርገዋል። ድምሩ 36 ሜትር ነው። ይህን ሳያሰላ በባይኖኩላር ተያይቶ የተተከለ መስመር በሥራው መጀመሪያ ይሠራል፣ በአራተኛው ዓመት ይታመማል፤ መሃል ያለው ባሕር ዛፍ አድጓላ። ዛፉ ሳይቆረጥ ሬዲዮው ሁለት ጊዜ የተቀየረበት መስመር ጥቂት አይደለም።

ሌላው ብዙ ሰው የሚስተው፣ 7 ጊጋኸርዝ መስመር ዝናብ ሲጥል ሳይሆን ነፋስ በሌለበት ጸጥ ያለ ንጋት ላይ መውደቁ ነው። ሜዳ ወይም ሐይቅ ላይ አየሩ እንደ ንጣፍ ሲደራረብ ሞገዱ በሁለት መንገድ ይደርስና እርስ በርሱ ይጣፋል። ኃይል መጨመር አይፈውሰውም። መድኃኒቱ በአንዱ ማማ ላይ ሁለተኛ አንቴና በ10 ሜትር ያህል ዝቅ አድርጎ መትከል ነው፤ አንደኛው ሲጣፋ ሌላው ይሰማል። ስለዚህ የብልሽት መዝገብ ሲታይ ሰዓቱን ማየት ይጠቅማል። ከሰዓት በኋላ በክረምት ከሆነ ዝናብ፣ በንጋት ከሆነ አየሩ፣ በየትኛውም ሰዓት እየባሰ ከሄደ ዛፍ ወይም የላላ ብሎን።

ሲተከል ደግሞ የጎን ጨረር አደጋ አለ። የ60 ሴንቲ ሜትር አንቴና በ23 ጊጋኸርዝ ዋና ጨረሩ 1.5 ዲግሪ ነው፤ ከአጠገቡ ደካማ ጨረሮች አሉት። ሠራተኛው እነሱን ይዞ “ከፍተኛውን አገኘሁ” ብሎ ይወርዳል። በስሌቱ 38 ዴሲቤል ከዜሮ በታች መሆን የነበረበት የሚደርሰው ምልክት 58 ሆኖ ከተነበበ መሣሪያው አልተበላሸም፤ 20 ዴሲቤል የጎን ጨረር ልክ ነው። ወደ ግራና ቀኝ እስከ 5 ዲግሪ እየጠረጉ ሦስት ጫፍ ማየትና መሃለኛውን መያዝ ግድ ነው። በ80 ጊጋኸርዝ ያው አንቴና 0.4 ዲግሪ ብቻ ስላለው ማማው በነፋስ መወዛወዙ ራሱ መስመሩን ይቆርጣል። ቀጭን ምሰሶ ላይ የሚሰቀል ዕቃ አይደለም።

ስለ ምድጃው በአጭሩ

ማይክሮዌቭ ምድጃ በ2.45 ጊጋኸርዝ የሚሠራው “የውኃ ልዩ ቁጥር” ስለሆነ ነው የሚለው ወሬ ስህተት ነው። ውኃ ሞገድን አብዝቶ የሚመጠው ከዚያ እጅግ ከፍ ብሎ በ20 ጊጋኸርዝ አካባቢ ነው። እዚያ ላይ ቢሠራ ሙቀቱ ከምግቡ ቆዳ አያልፍም ነበር። 2.45 የተመረጠው ጥቂት ሴንቲ ሜትር ዘልቆ ስለሚገባና ቦታው ለኢንዱስትሪ ስለተተወ ነው። ዋይፋይም ፈቃድ ሳይጠየቅ እዚያው ገብቶ ተቀመጠ። ስለዚህ ምድጃው ሲበራ ዋይፋዩ ቢንገዳገድ ጎረቤት ከጎረቤት እንደመገፋፋት ነው። በ2.4 ላይ የማይደራረቡት ቻናሎች 1፣ 6 እና 11 ብቻ ናቸው፤ 3 ወይም 8 ላይ “ባዶ ቦታ አገኘሁ” ብሎ መቀመጥ ከሁለት ወገን መረበሽ ነው።

የ6 ጊጋኸርዝ ሙግት

ዋይፋይ ሦስት ቻናል ብቻ ካለበት ግቢ ለመውጣት የተመለከተው ከ5.925 እስከ 7.125 ጊጋኸርዝ ያለውን 1,200 ሜጋኸርዝ ነው። አሜሪካ በ2020 ሚያዝያ ወር ሙሉውን ለዋይፋይ ከፈተች። አውሮፓ በ2021 የታችኛውን ክፍል ብቻ ፈቀደች። የሞባይል ኩባንያዎች ደግሞ የላይኛውን ፈለጉ፤ 3.5 ጊጋኸርዝ እየሞላ ነው፣ 26 ጊጋኸርዝ ደግሞ ግድግዳ አያልፍም። በ2023 ኅዳርና ታኅሣሥ ዱባይ ላይ የተሰበሰበው የዓለም የሬዲዮ ጉባኤ ከ6.425 እስከ 7.125 ያለውን አፍሪካ፣ አውሮፓና የዓረብ አገሮች በሚገኙበት ቀጠና ለሞባይል መለየት ቻለ። መለየት ግን ግዴታ አይደለም፤ እያንዳንዱ አገር ለማን እንደሚሰጥ ራሱ ይወስናል። በኢትዮጵያ ይህ ሥልጣን የኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ነው።

ክርክሩ በየመድረኩ ዋይፋይ ከሞባይል ተደርጎ ይቀርባል። በእኔ ግምት ለእንደኛ ያለ አገር የሚከብደው ሦስተኛው ወገን ነው። የላይኛው 6 ጊጋኸርዝ በዓለም አቀፍ ምደባ የረጅም ርቀት ማይክሮዌቭ መስመር ቤት ነው፤ 40 ሜጋኸርዝ ስፋት ያላቸው ቻናሎች አሉት፣ ዝናብ አይፈራም፣ ከተራራ ተራራ ይዘላል። ለከተማ ስልክ የሚፈለገው ቦታ የገጠሩን ማማ ከከተማ ጋር ማገናኘት የሚችለው ቦታ ነው።

መጎራበትም ቀላል አይደለም። በአሜሪካ የ3.7 ጊጋኸርዝ ጨረታ በ2021 ከ81 ቢሊዮን ዶላር በላይ ካስገባ በኋላ አውሮፕላን ከመሬት ያለውን ከፍታ የሚለካበት ራዳር ከ4.2 እስከ 4.4 ላይ መሆኑ ጭንቅ ሆነ። በ2022 ጥር ወር አየር መንገዶች በረራ ሰረዙ፣ የስልክ ኩባንያዎችም በአውሮፕላን ማረፊያዎች ዙሪያ አንቴና ሳያበሩ ቆዩ። ስልኩ ከክልሉ አልወጣም ነበር። ጥፋቱ የቆዩት ራዳሮች ተቀባይ ከራሱ ክልል ውጭ ያለውንም የሚሰማ፣ በቂ ማጣሪያ የሌለው መሆኑ ነው። ባለ 2.4 ሜትር የሲ ባንድ ዲሽ ያለው ተቋምም ያው ይገጥመዋል። ኤልኤንቢው ከ3.4 እስከ 4.2 ክፍት ስለሆነ በአቅራቢያ 3.5 ላይ የተከፈተ የስልክ ማማ ያደነቁረዋል። መፍትሔው ከኤልኤንቢው አፍ ፊት የሚገባ የብረት ማጣሪያ ነው። ከኤልኤንቢው በኋላ ኬብል ላይ የሚገባ ማጣሪያ አይረዳም፤ ማጉያው ቀድሞ ደንቁሯል።

የላይኛው 6 ጊጋኸርዝ ለስልክ ቢሰጥ እዚያ ያለ የ40 ኪሎ ሜትር መስመር መነሳት አለበት። 7 እና 8 ጊጋኸርዝ ላይ ቦታ ከተገኘ አንቴናና ሬዲዮ መቀየር ይበቃል። እነሱ ከሞሉ ቀጣዩ 11 ጊጋኸርዝ ነው። እዚያ ዶፍ በየኪሎ ሜትሩ 2 ዴሲቤል ይወስዳል፤ በ6.7 ላይ ከሚወስደው አራት እጥፍ ገደማ። ዝናብ በሚበዛበት ደጋ ያ መስመር በአንድ ዝላይ አይቆምም፣ ለሁለት 20 ኪሎ ሜትር ይከፈላል። መሃሉ ላይ አዲስ ማማ፣ ወደ እሱ የሚወጣ መንገድ፣ የፀሐይ ኃይል፣ ባትሪና ዘበኛ ያስፈልጋል። የጨረታው ዋጋ ሲተመን ይህ ወጪ ከየትኛው ኪስ እንደሚወጣ አብሮ መጻፍ አለበት።